የሰባተኛ ክፍሉ መርፌ ለማን ነው? ስለ ትክትክ ማጠናከሪያ ክትባት

በካሊፎርኒያ ልጁን ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ክፍል የሚያሳልፍ ወላጅ፣ ረጅሙ የትምህርት ዕረፍት ሳያልቅ ከትምህርት ቤቱ አንድ ማሳሰቢያ ይደርሰዋል። ማሳሰቢያው ልጁ «ቲዳፕ» የሚባለውን ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ ካልቀረበ ትምህርት መጀመር እንደማይችል የሚያሳውቅ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ወረቀት ከአድራሻ ማረጋገጫውና ከልዩ ልዩ ቅጾች ጋር አጣጥፈን፣ ከምዝገባ ጣጣዎች እንደ አንዱ ቆጥረን እናልፈዋለን። ልጁ ጤነኛ ነው፤ በሕፃንነቱም ተከትቧል፤ ታዲያ አሁን ደግሞ ምን ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ጥያቄው ተገቢ ነው። አጭሩ መልስ፣ የሚወጋው የ12 ዓመቱ ልጅ ቢሆንም ከሁሉ በላይ አደጋ ያንዣበበበት ገና ለክትባት ያልደረሰው የቤቱ ሕፃን መሆኑ ነው። ረጅሙ መልስ ግን በሽታው ማንን እንዴት እንደሚጎዳ፣ የክትባቱ ኃይል ለምን ከዓመት ዓመት እንደሚቀንስ፣ እንዲሁም ትምህርት ቤት፣ ሐኪምና ማኅበረሰብ የትኛውን ክፍተት መድፈን እንደሚችሉና የትኛውን እንደማይችሉ ማየትን ይጠይቃል። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቲዳፕ መንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስን)፣ ዘጊ አነዳን (ዲፍቴሪያን) እና ትክትክን በአንድ መርፌ የሚከላከል፣ በ2005 በአሜሪካ የተፈቀደ የታዳጊዎችና የአዋቂዎች ማጠናከሪያ ክትባት ነው። የሕፃናቱ ክትባት «ዲታፕ» ይባላል፤ በአሜሪካው መርሐ ግብር በ2፣ በ4 እና በ6 ወር፣ ከዚያም ከ15 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜና ከ4 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ውስጥ በድምሩ አምስት ጊዜ ይሰጣል። ቲዳፕ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ፣ ልጁ 11 ወይም 12 ዓመት ሲሞላው ነው። ከሦስቱ በሽታዎች መንጋጋ ቆልፍና ዘጊ አነዳ በአሜሪካ ዛሬ እምብዛም አይታዩም። ትክትክ ግን በየጥቂት ዓመቱ እያገረሸ የሚመለስ በመሆኑ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እርሱ ነው።

በሽታው ጉንፋን መስሎ ሲገባ

ትክትክ ስሙን ያገኘው ከድምፁ ነው። ሳሉ አንዴ ከጀመረ ትንፋሽ ለመሳብ ፋታ ሳይሰጥ ደራርቦ ይመጣል፤ በመጨረሻ ታማሚው አየር ሲስብ ጉሮሮው ሲጮኽ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም ማስመለስ ይከተላል። በሽታውን የሚያመጣው ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ዡል ቦርዴና ኦክታቭ ዠንጉ በ1906 በብራሰልስ ለይተው አወቁት። ባክቴሪያው በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ አክታን ወደ ላይ እየጠረጉ ከሚያወጡ ጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላት ላይ ተጣብቆ በመርዙ ያሽመደምዳቸዋል፤ ሳሉ ለሳምንታት የማይለቀውም ቧንቧው እስኪጠገን ድረስ ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

ተንኮሉ ያለው በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት ነው። በዚያን ጊዜ የሚታየው ንፍጥ፣ ቀላል ሳልና ምናልባትም ትንሽ ትኩሳት ብቻ ስለሆነ ማንም ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ባክቴሪያው በብዛት የሚተላለፈው ግን ልክ በዚሁ ወቅት ነው። ያልተከተቡ ሰዎች ባሉበት ቤት አንድ ሰው ከያዘው አብዛኞቹ ሳይያዙ አይቀሩም። የ14 ዓመት ታዳጊ ከያዘው ለሁለት ወር ያህል ሌሊት እየሳለ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የአንድ ወር ሕፃን ግን ጭራሽ ላይስል ይችላል። ሕፃኑ ጡት ለመያዝ ይሰንፋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ከዚያም ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንዶች ቀጥ ይላል። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መረጃ መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በታች ሆነው በትክትክ ከተያዙ ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሆስፒታል መተኛት ያስፈልገዋል። «ልጄ እኮ አላሳለም» የሚለው የእናት ቃል ስለዚህ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

በአገር ቤት ለትክትክ የአህያ ወተት ማጠጣት፣ ሳል ላልለቀቀው ሕፃንም እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ባይጠቅም ለጊዜው ያጽናና ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል እንጂ ከባክቴሪያው ጋር ምንም አያገናኘውም። አዚትሮማይሲንን የመሰሉ አንቲባዮቲኮች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመሩ ይረዳሉ። ሳሉ ከጠና በኋላ ግን መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው በሽታው ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ በማድረግ ነው፤ አንድ ተማሪ አምስት ቀን መድኃኒት ሳይወስድ ወደ ክፍል እንዳይመለስ የሚደረገውም በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርስበት በሽታ በመሆኑ፣ ዋናው መሣሪያ ከመታመም በፊት የሚደረገው ነገር ነው።

የ2010 ዓመት በካሊፎርኒያ

በ2010 በካሊፎርኒያ ከ9,000 በላይ ሰዎች በትክትክ መያዛቸው ተመዘገበ፤ ከ1947 ወዲህ ይህን ያህል ታይቶ አያውቅም ነበር። አሥር ሕፃናት ሞቱ። ሁሉም ማለት ይቻላል ገና የመጀመሪያውን ክትባት ለመውሰድ ያልደረሱ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከላቲኖ ቤተሰቦች የተወለዱ ነበሩ። ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት፣ አያት፣ አክስትና የአጎት ልጅ ሕፃኑን እየተቀባበሉ በሚያቅፉበት ኑሮ፣ ጉንፋን የመሰለ ሳል ወደ ሕፃኑ የሚደርስበት መንገድ አጭር ነው። ይህን የቤት አኗኗር እኛ ኢትዮጵያውያንም በደንብ እናውቀዋለን።

የክፍለ ግዛቱ ምላሽ ፈጣን ነበር። በሴፕቴምበር 2010 ገዥው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር «ኤቢ 354» የተባለውን ሕግ ፈረሙ፤ በሕጉ መሠረት ከጁላይ 2011 ጀምሮ ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ተማሪ ሁሉ የቲዳፕ ማስረጃ ማቅረብ ግዴታው ሆነ። ከቀጣዩ ዓመት ወዲህ ግዴታው ወደ ሰባተኛ ክፍል የሚገቡትን ብቻ የሚመለከት ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ዓመት ግን ስድስት የክፍል ደረጃዎች፣ ይኸውም ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች፣ በአንድ የትምህርት ዘመን መከተብና ወረቀታቸው መመርመር ነበረበት። ሥራው በጊዜው እንደማያልቅ ሲታወቅ፣ ሕግ አውጪዎቹ በ2011 ክረምት ተማሪዎች ትምህርት ጀምረው ማስረጃውን በ30 ቀናት ውስጥ እንዲያቀርቡ የሚፈቅድ ሌላ ሕግ አወጡ።

በዚያ ዓመት የታየው ነገር ለማንኛውም የክትባት ዘመቻ ትምህርት ይሆናል። ወላጅን ያዘገየው በአብዛኛው ክትባቱን መቃወሙ አልነበረም፤ ቀጠሮ ማጣት፣ የተከተበበትን ወረቀት አለማግኘት፣ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ አለመቻል ነበር። በመሆኑም ይበልጥ የሠራው ማስፈራሪያ የበዛበት ደብዳቤ ሳይሆን፣ ክትባቱን ትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ ያመጣው ዝግጅት ነው። የካውንቲው ነርሶች በጂምናዚየሙ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ፤ የፈቃድ ቅጹ ቀድሞ ወደ ቤት ይላካል፤ ልጁ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜው 15 ደቂቃ ወስዶ ተከትቦ ይመለሳል። ነርሶቹ ልጁን ከተወጋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ተቀምጦ እንዲቆይ የሚያደርጉት መድኃኒቱ አደገኛ ስለሆነ አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ መርፌ አይቶ ራሱን የሚስት ልጅ ስላለና ሲወድቅ ጭንቅላቱ እንዳይመታ ነው።

በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች ይህ ሁሉ ግርግር ይገርማቸው ይሆናል። በዚያ አገር ማጠናከሪያው በሁለተኛና በስምንተኛ ክፍል በተማሪዎች ጤና አገልግሎት ነርሶች እጅ እዚያው ትምህርት ቤት የሚሰጥ መደበኛ ሥራ ነው። የአሜሪካው ትምህርት ቤት ክትባቱን ከመስጠት ይልቅ ወረቀቱን ይጠይቃል፤ ልጁ መከተቡና የተከተበበት ወረቀት መገኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሆኑትም ለዚህ ነው።

የክትባቱ ኃይል ለምን ይደክማል?

እዚህ ላይ ዘመቻዎቹ ብዙ ጊዜ የሚያድበሰብሱት ነጥብ አለ፤ እኔ ግን በግልጽ መነገር አለበት ባይ ነኝ። በ1930ዎቹ ፐርል ኬንድሪክና ግሬስ ኤልደሪንግ የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች በሚሺጋን ግራንድ ራፒድስ ከተማ ያበለጸጉት ክትባት የተሠራው ከተገደለው ሙሉ ባክቴሪያ ነበር። ከዚያ በፊት በአሜሪካ በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች በትክትክ ይያዙ እንደነበር ሲመዘገብ፣ በ1976 ቁጥሩ ወደ 1,010 ወረደ። የዚህ ክትባት ጉድለቱ ከፍ ያለ ትኩሳት፣ የተወጋበት ቦታ እብጠትና የሕፃናት የማያቋርጥ ለቅሶ ነበር፤ በ1970ዎቹም ከዚህ የባሰ የአንጎል ጉዳት ያስከትላል የሚል ሥጋት ተነሣ። ጃፓን በ1975 ሁለት ሕፃናት ከክትባት በኋላ በመሞታቸው መርሐ ግብሯን ለጊዜው አቋረጠች፤ ብዙ ወላጆችም ከዚያ በኋላ ልጆቻቸውን ማስከተብ ተዉ። በ1979 በዚያች አገር 13,000 ሰዎች ተይዘው 41 ሞቱ። በብሪታንያም በዚያው አሥር ዓመት የተከታቢዎች ቁጥር አሽቆልቁሎ ወረርሽኝ ተከተለ።

ከዚህ ውዝግብ የተወለደው ከባክቴሪያው የተመረጡ ጥቂት ፕሮቲኖችን ብቻ የያዘው አዲሱ ክትባት ነው፤ ዲታፕና ቲዳፕ የዚህ ዓይነት ናቸው። አሜሪካ በ1997 ለሕፃናት ሙሉ በሙሉ ወደ እርሱ ተሻገረች። ሕመሙና ትኩሳቱ በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን የመከላከል አቅሙም ቶሎ የሚደክም ሆኖ ተገኘ። በ2010 ወረርሽኝ ከታመሙት መካከል በሚገባ የተከተቡ ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ልጆች በብዛት መገኘታቸው የመጀመሪያው ምልክት ነበር። በሰሜን ካሊፎርኒያ ካይዘር ፐርማነንቴ በተባለው የጤና ድርጅት የተሠራና በ2012 የወጣ ጥናት፣ ከአምስተኛው ዶዝ በኋላ በእያንዳንዱ ዓመት በትክትክ የመያዝ ዕድል በ42 በመቶ ገደማ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳየ። እዚያው በ2016 የወጣው ሌላው ጥናት ደግሞ ቲዳፕ በመጀመሪያው ዓመት ከ10 ታዳጊዎች 7ቱን ያህል ሲከላከል፣ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ጥበቃው ከ10 በመቶ በታች እንደሚወርድ አመለከተ። በዝንጀሮዎች ላይ የተደረገ ምርምርም የተከተበ እንስሳ ራሱ ሳይታመም ባክቴሪያውን ተሸክሞ ለሌላ ሊያስተላልፍ እንደሚችል አሳይቷል። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ በካሊፎርኒያ እንደገና ከ11,000 በላይ ሰዎች መያዛቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ አያስገርምም።

እንግዲህ ክትባቱ ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። የተከተበ ልጅ ቢያዝ እንኳ ሕመሙ ይቀልለታል፣ የሚስልበት ጊዜም ያጥራል፤ የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አነዳ ጥበቃው ደግሞ ከትክትኩ በብዙ ይረዝማል። የሰባተኛ ክፍሉ በር ሌላም ጥቅም አለው፤ ለቲዳፕ ብሎ ወደ ክሊኒክ የሄደ ታዳጊ በዚያው የማጅራት ገትርና የኤች.ፒ.ቪ. (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ክትባቱን ይወስዳል። ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው «ኤስቢ 277» የተባለው ሕግም በግል እምነት ምክንያት ከክትባት ነጻ መሆንን ስላስቀረ፣ ሰባተኛ ክፍል የልጁ የክትባት መዝገብ በሙሉ የሚፈተሽበት ቦታ ሆኗል። ይሁንና የታዳጊዎች ክትባት ብቻውን ሕፃኑን ይጠብቃል ብሎ ማመን ስሕተት ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ የሚላላ አጥር ነውና።

ሐኪሙ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር

ሕፃኑን በቀጥታ የሚጠብቀው እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ የምትወስደው ቲዳፕ ነው። ከ2012 ጀምሮ ምክሩ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በእያንዳንዱ እርግዝና፣ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በተለይም በመጀመሪያው አካባቢ እንድትከተብ ነው። አካሏ የሚያመርተው የመከላከያ ኃይል በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፍ፣ ሕፃኑ ተከትቦ የተወለደ ያህል ይሆናል። በአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መረጃ መሠረት ይህ ክትባት ከሁለት ወር በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ሊደርስ የሚችለውን ትክትክ 78 በመቶ ያህል ይከላከላል። «ባለፈው ልጄ ጊዜ ተከትቤያለሁ» ማለት የማይበቃው፣ የመከላከያ ኃይሉ ከላይ እንደተባለው ስለሚደክምና ሁለተኛው ልጅ የራሱን ድርሻ ስለሚፈልግ ነው።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያውያን እናቶች ባዕድ መሆን አልነበረበትም። አገር ቤት ነፍሰ ጡር ሴት የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ መውሰዷ ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነው፤ ኢትዮጵያም በ2017 የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ የተረጋገጠው በዚህ ክትባትና በንጹሕ ወሊድ ነው። አንዲት አዋላጅ ነርስ «እናትሽ አንቺን ስታረግዝ የወሰደችው ዓይነት መርፌ ነው፤ አሁን ትክትክም ተጨምሮበታል» ብትል፣ ስለ ፕሮቲንና ስለ ጥናት ከምትዘረዝረው ማብራሪያ ይልቅ በአንድ ጊዜ ትታመናለች።

ሐኪሙ ነገሩን የሚያነሣበት መንገድ ውጤቱን ይለውጣል። «ዛሬ ልጁ ሦስት ክትባት አለው፤ ቲዳፕ፣ ማጅራት ገትርና ኤች.ፒ.ቪ.፤ ጥያቄ ካላችሁ ልመልስ» ብሎ የሚጀምር ሐኪም ካለ አብዛኛው ወላጅ ይስማማል። «ስለ ክትባቱ ምን አስባችኋል?» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ አክብሮት እያሳየ ቢመስለውም፣ ሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል ብሎ ላደገ ወላጅ ጥያቄው ራሱ ጥርጣሬ ይሆንበታል። «እሱ ያላወቀውን እኔ ምን አውቄ?» ይላል፤ ከዚያም «ለጊዜው ይቆይ» ይላል። ወላጅ ጥያቄ ሲኖረው ግን ጥያቄው በሙሉ መልስ ሊያገኝ ይገባል፤ ክንድ ለአንድና ለሁለት ቀን ማመሙ፣ መድከም፣ ራስ ምታትና ቀላል ትኩሳት የተለመዱ መሆናቸው፣ ክትባቱ ሕያው ባክቴሪያ ስለሌለው ትክትክ ሊያሲዝ እንደማይችል በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ከንግግሩ ባሻገር የክሊኒኩ አሠራር አለ። ነርሷ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሐኪም ፊርማ ሳትጠብቅ እንድትከትብ የሚፈቅድ ቋሚ ትእዛዝ መኖሩ፣ ቀጠሮ ያለፈበትን ልጅ ኮምፒዩተሩ ለይቶ ለወላጁ ስልክ መልእክት መላኩ፣ ሁለቱም አሰልቺ የሚመስሉ ነገር ግን በተግባር ከማንኛውም ፖስተር የሚበልጡ ናቸው። ትልቁ ቀዳዳ ያለው በእርግዝና ክትትል ላይ ነው፤ አንዳንድ የማህፀን ሐኪሞች ክትባቱን በክሊኒካቸው አያስቀምጡም፤ እናቲቱን «ፋርማሲ ሄደሽ ውሰጂ» ብለው ይሸኟታል። በ30ኛ ሳምንቷ ላይ ያለች፣ ሥራ የምትሠራና ሌላ ልጅ ያላት ሴት ያን ፋርማሲ ነገ እያለች ትወልዳለች። የቋንቋ ጉዳይም አለ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ክሊኒክ ሁሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሆኖም በተግባር የ12 ዓመቱ ልጅ ለራሱ መርፌ የእናቱ አስተርጓሚ ሆኖ ይገኛል። መርፌ የሚፈራ ልጅ «ዶክተሩ ሌላ ጊዜ ይሁን አለ» ብሎ ቢተረጉም ማን ያውቅበታል?

ቢጫ ካርድና የአገር ቤት ካርድ

ከኢትዮጵያ በቅርቡ ለመጡ ቤተሰቦች ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምዝገባ ጠረጴዛው ነው። ኦክቶበር 8 ቀን 2012 የተወለደ ልጅ እናስብ። በስድስተኛ ሳምንቱ፣ ማለትም ኅዳር 10 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ፔንታቫለንት ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ወስዷል፤ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይም ነርሷ «10/3/2005» ብላ ጽፋለች። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ይህን በአሜሪካ ልማድ ሲያነብበው ኦክቶበር 3 ቀን 2005 ይሆንበታል፤ ልጁ ከመወለዱ ሰባት ዓመት በፊት ተከትቧል ማለት ነው። ጸሐፊው ካርዱን ፎርጅድ ነው ብሎ ባይጠረጥር እንኳ ሊቀበለው አይችልም፤ ልጁም በደንብ የወሰደውን ክትባት እንደገና ከመጀመሪያው ይወስዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከምዝገባው በፊት እያንዳንዱን ቀን በጥንቃቄ ቀይሮ፣ ወሩን በፊደል ጽፎ፣ ክሊኒኩ በራሱ ቢጫ የክትባት ካርድና በክፍለ ግዛቱ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንዲያሰፍረው ማድረግ ነው።

በአገር ቤቱ መርሐ ግብር በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሰጠው ፔንታቫለንት ከ2007 ጀምሮ በኢትዮጵያ የሚሠራበት ሲሆን፣ የትክትኩ ክፍል የድሮው ዓይነት ሙሉ ባክቴሪያ ነው። በዚያ የተጀመረ ክትባት የተሻለ ረጅም ጥበቃ እንደሚሰጥ ጥናቶች ስለሚያሳዩ፣ ልጆቻችሁ ያገኙት ክትባት «የድኻ አገር» ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። ሦስቱ ዶዞች ግን ለአሜሪካ ትምህርት ቤት ብቻቸውን አይበቁም፤ ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ የተሰጠ ቲዳፕ መኖር አለበት። መድን የሌላቸው ልጆችና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን በሜዲኬይድ (በካሊፎርኒያ «ሜዲካል» በሚባለው) የሚሸፈኑ ልጆች፣ በ1994 በተጀመረው የፌዴራል የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር በኩል ክትባቱን ያለ ዋጋ ያገኛሉ።

አርባ ቀን

ትምህርት ቤት ታዳጊውን ይይዛል፤ ሐኪም ነፍሰ ጡሯን ይይዛል። አያትን፣ የክርስትና እናትን፣ ቤት የሚጋራ አጎትን የሚይዝ ተቋም ግን የለም። የማኅበረሰብ ሥራ ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40ኛው፣ ሴት ልጅ በ80ኛው ቀን ክርስትና ይነሣሉ። የአሜሪካው መርሐ ግብር የመጀመሪያውን የትክትክ ክትባት የሚሰጠው በሁለት ወር፣ ማለትም በ60 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ወንዱ ሕፃን በሎስ አንጀለስም ሆነ በኦክላንድ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ወዳሉበት ቤተ ክርስቲያን የሚገባው፣ የሚታቀፈውና የሚሳመው አንድም ክትባት ለትክትክ ሳይወስድ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አራስ ጥየቃ አለ፤ ገንፎው ተገንፍቶ ወዳጅ ዘመድ በየተራ ይገባል። የማንም ልማድ ይቅር ማለቴ አይደለም። ካህኑ ከክርስትናው በፊት ባለው እሑድ «የሚስል ሰው ሕፃኑን አይሳም፤ የክርስትና አባትና እናት የትክትክ ክትባት ይውሰዱ» ብለው ከአውደ ምሕረት ቢናገሩ፣ የካውንቲው ጤና ቢሮ በዓመት ከሚያትመው ወረቀት ሁሉ የበለጠ ይሰማሉ። ኢማሙም ከጁምዓ በኋላ፣ የዕድር ሰብሳቢውም በወር ስብሰባው እንዲሁ። ከምእመናኑ መካከል ነርስ ወይም የፋርማሲ ባለሙያ የሌለበት ጉባኤ እምብዛም የለም፤ ይህን ሰው ማይክሮፎን ፊት ማቆም ወጪ የለውም።

የትርጉም ነገርም ያሳዝናል። ለማኅበረሰባችን ተብለው በአማርኛ የተዘጋጁ አንዳንድ ወረቀቶች «የፐርቱሲስ ማበልጸጊያ» ይላሉ። ማበልጸጊያ ምንድን ነው? ፐርቱሲስስ ማን ነው? ትክትክን የማታውቅ እናት የለችም፤ በልጅነቷ ጎረቤት ሲስል ሰምታ ይሆናል። «የትክትክ ማጠናከሪያ ክትባት» ብሎ መጻፍ ወረቀቱን ከቆሻሻ መጣያ የማዳን ያህል ነው።

ከሁሉ የሚዘነጋው ደግሞ ለወሊድ ከአዲስ አበባ የምትመጣው አያት ናት። ልጇን ልታርስ ትኬት ቆርጣ፣ በርበሬና ሽሮ አሽጋ፣ ቁንዶ በርበሬ ሳትረሳ ትመጣለች፤ ትክትክ ግን ማንም አያስታውሳትም። በቱሪስት ቪዛ የመጣች አያት መድን ስለማይኖራት፣ ክትባቱን በፋርማሲ ከፍላ ወይም በካውንቲው የሕዝብ ጤና ክሊኒክ በአነስተኛ ዋጋ ትወስዳለች። የመከላከያ ኃይሉ ለመዳበር ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ፣ ከወሊዱ ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትደርስና በደረሰች ማግስት ብትከተብ ጊዜው ይገጥማል። አባትም፣ የሰባተኛ ክፍል ወንድምም በዚያው ቀን ቢሄዱ አንድ ጉዞ ይበቃል። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ደግሞ በአካባቢው ትክትክ እንዳለ ከተሰማ፣ የመጀመሪያውን ዲታፕ ሁለት ወር ሳይጠብቅ በስድስት ሳምንቱ እንዲሰጠው የሕፃናት ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ ከወንዱ ክርስትና ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው።